ቢቸና አለ የተባለው ፋብሪካ

ሐምሌ 5፣ ሞጣ

የአሰልጣኞች መመሪያው "የዕለት ውሏችሁን ጻፉ" ይላል። ለዚህ ተብሎ ሰማያዊ ደብተርም ታድሎናል። እሱን የካምፓሳችን ዲን ሰብስበው ያነቡታል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ብልህ ሆኜ እጽፋለሁ። ይህችን ደብተር ከሱቅ የገዛኋት ለሌላው የኔሰው፣ ለእውነተኛው እኔ ነው።

ነገ እንጀምራለን። ከየወረዳው የተመረጡ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ክረምቱን ካምፓሳችን እያደሩ ሥራ ፈጠራ ሊማሩ ነው። የምናስተምረው እኔና ስጦታው ነን። ስጦታው ተማሪ ሳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። እኔ የማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። በሕይወቴ የሸጥሁት ነገር ቢኖር አንድ ያገለገለ ስልክ ነው፤ እሱንም ገዢው መልሶልኛል።

መመሪያው እንዲህ ይላል፦ "የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በራስዎ የሥራ ፈጠራ ታሪክ ይክፈቱ።"

ከእራት ጀምሮ የራሴን ታሪክ እየፈለግሁ ነው። እስካሁን የለም።

ሐምሌ 6፣ ምሳ ሰዓት

ዋሸሁ። ተማሪ ይጠራኛል፤ ቀሪውን ማታ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 6፣ ማታ

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስጦታው ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተናገረ፤ ልጆቹ አጨበጨቡለት። ተራው የእኔ ሆነ። ስለ ደንበኛ ፍላጎት ላወራ አፌን ስከፍት "አባቴ" የሚል ቃል ወጣ። "አባቴ ቢቸና ላይ ከአንዲት የእግር ስፌት መኪና ተነሡ" አልሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሆንም፤ ካልሞላሁት እረበሻለሁ። "ዛሬ ሃያ መኪና ያለው የልብስ ፋብሪካ አላቸው" ብዬ ሞላሁት።

ግማሹ እውነት ነው። አባባ የተነሡት ከአንዲት መኪና ነው። ዛሬም እዚያችው መኪና ላይ ናቸው።

አባባ የካህናት ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀሚስ፣ ካባ፣ አልፎ አልፎ የቅዳሴ ልብስ። ሱቋ የቤታችን የመንገድ ዳር ክፍል ናት። ዋጋ አይጠሩም፤ "የቤተ ክርስቲያን ልብስ ዋጋ አይጠራበትም" ይላሉ። ሰው የፈቀደውን ያስቀምጣል፤ አንዱ ብር፣ አንዱ ጤፍ፣ አንዱ ምርቃት ብቻ። ባለ ሁለተኛ ዲግሪ የሆንሁት በዚያ ጤፍና በዚያ ምርቃት ነው። ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ግን አልበቃኝም።

ዲኑ ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ከኋላ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ስወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘህ ዝም ትለን ነበር?" አሉኝ። ፈገግ አልሁ። ትሑት ሰው የሚያሳየውን ፈገግታ በደንብ እችልበታለሁ።

ሐምሌ 9

ቸኩያለሁ። ዲኑ ስብሰባ ላይ፦ በመስከረም ቋሚ የሥራ ፈጠራ ማዕከል ይከፈታል። ኃላፊ ይመደባል። "ሥራ ፈጠራን ከቤቱ የጠጣ ሰው እፈልጋለሁ" አሉ፤ ሲሉ ያዩት እኔን ነው። ስጦታው ብዕሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

የአባባ "ታሪክ" በራሪ ወረቀታችን ላይ ይታተማል ተባለ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። "ፎቶ የለኝም" አልሁ። ያለ ፎቶ ይሁን ተባለ።

ሐምሌ 13

ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ለእኔ ይህ መጥፎ ዜና ነው። በተለይ አንድ ቡድን አለ። አንደኛዋ ዘይዳ ናት፤ የዚሁ የሞጣ ልጅ፣ ቤተሰቦቿ ጨርቅ ነጋዴዎች። ሌላዋ ሊድያ ናት፤ ከግንደወይን የመጣች፣ እያንዳንዷን ቃሌን የምትጽፍ።

ዛሬ ዘይዳ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ሃያ መኪና ቢቸና ላይ መብራቱ ይችላል? እኛ ቤት ለአንዱም ይጠፋል።"

"ጄኔሬተር አለ" አልሁ።

ስለዚህ ዛሬ ለአባባ ጄኔሬተር ገዛሁላቸው።

ሐምሌ 16

ሊድያ ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው ወይስ ወንዶች ብላ ጠየቀች። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው አልኋት። የወሊድ ፈቃድ ይሰጣሉ ወይ አለች። በደንብ ይሰጣሉ። ጻፈችው።

አባባ ሠራተኛ ቀጥረው አያውቁም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጋቢያቸውን እንኳ የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ የማላውቃቸውን እናቶች በሙሉ ደመወዝ አሳርፋለሁ።

ሐምሌ 18

ዲኑ ሚኒባስ አዘጋጅተን ፋብሪካውን እንጎብኝ አሉ። ክረምት ክረምት ለጥገና ይዘጋል አልኋቸው። "አየህ፣ ይህ ነው አሠራር!" ብለው አደነቁ። እኚህ ሰው የምለውን ሁሉ የሚያምኑኝ ምን በድያቸው ነው?

ሐምሌ 22

የመስክ ሥራ ሰጠኋቸው። እያንዳንዱ ቡድን ወደ አንድ ከተማ ሄዶ በአንድ ሙያ የቆየ ሰው ፈልጎ አሠራሩን አጥንቶ ይመጣል፤ በመዝጊያው ቀንም ያንን ሰው በእንግድነት ይጋብዛል። የከተሞቹን ስም እኔ ጻፍሁ፤ ቢቸናን ዘለልሁት። ዲኑ ዝርዝሩን አይተው "የራስህን አገር ረሳህ እኮ" ብለው በእጃቸው ጨመሩበት።

ዕጣ ወጣ። ቢቸና ለሊድያና ለዘይዳ ደረሰች።

ማታ ከካፌው ጀርባ ሳልፍ ሲያወሩ ሰማኋቸው። "ፋብሪካውን በሩንም ቢሆን ፎቶ አንስተን መምህርን እናስደስታቸው" ትላለች ሊድያ። ሊያስደስቱኝ ነው።

ሐምሌ 25

ሄደዋል። ለአባባ ልደውል ስልኩን አነሣሁ፤ አስቀመጥሁ፤ አነሣሁ። ምን ልላቸው ነው? "አባባ፣ ሁለት ልጆች ፋብሪካዎን ሊያዩ እየመጡ ነው"?

አልደወልሁም። ኔትወርክ አልነበረም ብዬ ልጽፍ ነበር። ነበረ።

ሐምሌ 27

ተመለሱ። ቀኑን ሙሉ ሸሸኋቸው፤ አመሻሽ ላይ ቢሮዬ በር ላይ ያዙኝ።

"መምህር፣ ፋብሪካውን አላገኘነውም" አለች ሊድያ፤ ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን ደፍታ።

በአባቴ ስም አቶ ፋንታ የሚባል የፋብሪካ ባለቤት ብለው ከተማውን ሲዞሩ ዋሉ። ማንም አያውቅም። አያውቁማ፤ አባባን ፋንታ የሚላቸው የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው። ቢቸና የሚያውቃቸው በክርስትና ስማቸው፣ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ብሎ ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አጎቴ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ስማር ስላደግሁ የልጃቸውን ስምም መልክም ብዙ ሰው አያውቀውም። በመጨረሻ አንድ ሰው "የልብስ ስፌት ከሆነ መሪጌታን ጠይቁ" ብሎ ጠቁሟቸዋል።

"ሄደን ጠየቅናቸው" አለች ዘይዳ። "የአስተማሪያችን የመምህር የኔሰው አባት ናቸው፣ ሃያ መኪና አላቸው፣ ጄኔሬተርም አላቸው አልናቸው።"

"ምን አሉ?"

"መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። 'እሱ ነው እንዲህ ያላችሁ?' አሉን። አዎ አልናቸው። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው 'እሱ ካለ አለ ማለት ነው። እኔ ከቤቴና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የምሄድበት የለም፤ አላየሁትም' አሉን።"

ከዚያ ዝናብ መጣ፤ አስጠለሏቸው፤ ቆሎ ሰጧቸው። ፋብሪካው ስለጠፋ ልጆቹ ጥናቱን በእሳቸው ላይ ሠሩ። ዘይዳ መርፌያቸው ላይ ክር አስገባችላቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል አለች። ልጅ የለዎትም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። "አለኝ፤ ሩቅ ነው" አሉ።

ከሞጣ ቢቸና በመኪና ግማሽ ቀን አይሞላም።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ካፌው ከዛሬ ጀምሮ ሽሮ ብቻ። ዘይዳ "እኔን ማን ጹሚ አለኝ?" ብላ ኩሽናው በር ላይ ስትሟገት ሰማሁ፤ እንቁላል ተጠበሰላት።

አባባ ዛሬ ደወሉ። እንኳን ለጾሙ አደረሰህ አሉኝ። ስለ ልጆቹ ምንም አላነሡም። እኔም አላነሣሁም። ስለ ዝናቡ ለረጅም ጊዜ ተነጋገርን።

ነሐሴ 4

የመስክ ሥራው ቀረበ። የሊድያና የዘይዳ አንደኛ ነው፤ ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

"የዋጋ ስልት፦ የለም" አለች ሊድያ። ክፍሉ ሳቀ። "ማስታወቂያ፦ የለም። ደንበኛ የሚያመጣው ገቢ፦ በከፊል ምርቃት።" ክፍሉ ፈነዳ። ምንይሉ የሚባለው ልጅ ተነሥቶ የካህን ምርቃት እያስመሰለ "ይባርክህ፣ ቀሪውን መልስልኝ" አለ። መሬት ላይ የወደቀም ነበር። የመጨረሻው ምክረ ሐሳባቸው፦ ድርጅቱ ቢዘጋና ባለቤቱ ጡረታ ቢወጡ ይሻላል።

እኔም ሳቅሁ። ካልሳቅሁ ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው ልል ነበር። ምንይሉ ግን እውነትም ያስቃል።

ከፍተኛውን ማርክ ሰጠኋቸው። "በጥልቀት የተሠራ" ብዬም ጻፍሁበት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብሁ፤ ደግሜም ታጠብሁ።

ነሐሴ 10

ጋብዘዋቸዋል። አባባን ለመዝጊያው ቀን ጋብዘዋቸዋል። እሺ ብለዋል።

ስጦታው በራሪ ወረቀቱን ይዞ መጣ። "ቆንጆ ወጥቷል" አለኝ። "ሃያ መኪና" የሚለው በደማቅ ቀለም ተጽፏል።

ነሐሴ 10፣ ማታ

ደወልሁላቸው። የአሁኑን ንግግር እንዳለ ልጽፈው።

"አባባ፣ እንዴት ዋሉ? መንገዱ ጭቃ ነው። ዝናቡም ለእርስዎ ይከብዳል።"

"ቃል ሰጥቻቸዋለሁ እኮ። ጨዋ ልጆች ናቸው።"

"መዝጊያው ላይ ብዙ ሰው አለ፤ ዲኑም አሉ…"

 መኪናዋ ስትቆም ሰማኋት። ለካ እየሰፉ ነበር የሚያዋሩኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "ምን አስጨነቀህ? መጥቼ የሚሰጡኝን የምስክር ወረቀት ተቀብዬ እመለሳለሁ። አንተ አታውቀኝም፤ እኔም አላውቅህም። በቃ። አንተ ብቻ ሥራህን ያዝ።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት እንዴት ጥሩ ነበር። ሠርግ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያመቻች ሰው ነው የሚመስሉት።

"ኧረ አባባ፣ እንዴት ተደርጎ!" ማለት ነበረብኝ።

"እሺ" አልሁ።

እሺ ነው ያልሁት። "አመሰግናለሁ" የሚልም ጨመርሁበት፤ ለአንድ የቢሮ ሰው እንደሚባለው።

ነሐሴ 14

ለአባባ የሚሰጠውን ምስክር ወረቀት አተምሁ። "ለመሪጌታ ሣህለ ማርያም፣ ለሥራ ፈጠራ ስልጠናው ላደረጉት ትብብር።" የሆሄ ስሕተት እንዳይኖር ደጋግሜ አየሁ። ልጅ ለአባቱ የሚያደርገው ይህ ነው።

ነሐሴ 17

ነገ ነው። ንግግሬን መስተዋት ፊት ተለማመድሁ። "ክቡራን እንግዶቻችን" ስል አባባ ትዝ ይሉኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ። ፍስክ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ምግብ ግን አልወረደልኝም። መድረክ መሪው እኔ ነኝ። የማዕከሉ ኃላፊም ነገ ይፋ ይደረጋል፤ ዲኑ "አዲስ ከረባት እሰር" ብለውኛል።

ነሐሴ 18



አባባ መጡ። ነጭ ጋቢ፣ ጥምጥማቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ። የመንገዱ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አለ። ሊድያና ዘይዳ በግራና በቀኝ ይዘው አስገቧቸው። በፊቴ ሲያልፉ "ጤና ይስጥልኝ መምህር" አሉኝ፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው። "ጤና ይስጥልኝ አባታችን" አልሁ። ማይኩ በእጄ ነበር፤ አዳራሹ ሁሉ ጨዋነቴን ሰማ።

ዲኑ ተናገሩ። ስለ አቶ ፋንታ ፋብሪካ ተናገሩ። ከዚያ ከመድረክ ሆነው "መሪጌታ፣ እርስዎ የቢቸና ሰው ነዎት፤ ፋብሪካውን ሳያውቁት አይቀሩም" አሏቸው።

አባባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ወሬውን ስሰማ ነው የሰነበትሁ" አሉ። ሁሉም በአክብሮት ሳቀላቸው።

የምስክር ወረቀቱ ተራ ደረሰ። "የኔሰው፣ የአገርህ ሰው ናቸው፤ አንተ ስጣቸው" አሉ ዲኑ። ወረቀቱን በአንድ እጄ፣ ማይኩን በሌላ እጄ ይዤ ቆምሁ። አባባ ደረጃውን በዝግታ ወጡ። ፊት ለፊቴ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሊቀበሉኝ ጎንበስ አሉ።

ጎንበስ አሉልኝ።

እዚህ ላይ ጀግና ሆኜ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አስቤ፣ ወስኜ፣ ኃላፊነቱን ንቄ ብል። አላሰብሁም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ በሰላም እንዲያልቅ ነበር የምጸልየው። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አባባ ፊቴ ቆመው ጉልበታቸውን ሳልስም ቀርቼ አላውቅም፤ የእሳቸው ራስ ወደ እኔ ሲወርድ የእኔ ጉልበት ቀደመው። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን እየሳምሁ ራሴን አገኘሁት። ማይኩ አሁንም በእጄ ነው።

አባባ ደንግጠው ወደ ጆሮዬ ዝቅ አሉና አንሾካሾኩ። ሹክሹክታው በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ወጣ፦

"ተነሥ አንተ! ተነሥ ልጄ! እንጀራህን ልታጣ ነው!"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማል። 

"አባትህ ናቸው?" አሉ ዲኑ።

"አዎ" አልሁ። "ፋብሪካ የለም። መኪናዋ አንዲት ናት።"

ዲኑ ኪሳቸው ያለውን ወረቀት ነካ አደረጉና እዚያው ተዉት። የኃላፊው ስም ዛሬ አልተነበበም።

ስንወጣ ሊድያ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። "መምህር፣ በአባትዎ ላይ አሳቁን እኮ" አለች። "እኛ አናውቅም። እርስዎ ያውቃሉ። አብረውን ሳቁ።"  ዘይዳ እኔን አልፋ ለአባባ ጃንጥላ ዘርግታ ወደ መናኸሪያው ወሰደቻቸው። እኔ ከኋላ በዝናቡ ተከተልኋቸው።

ነሐሴ 19

ትናንት መኪና ስላጣን ሞጣ አሳድሬያቸው ዛሬ አብረን ተሳፈርን።  ግንደወይን አልፈን አባባ ያንቀላፉ መስሎኝ ሳለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

"ሃያ አልህ?"

"አዎ አባባ።"

"ቤቱ እኮ አይችልም። ጄኔሬተሩንስ የት አድርገንልህ ነው?"

ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ በየት በኩል ለቅሶ እንደሆነ አላወቅሁም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። አባባ የጋቢያቸውን ጫፍ ሰጡኝ።

ነሐሴ 23፣ ቢቸና

ስልክ ተደወለልኝ። ማዕከሉ ለስጦታው ተሰጥቷል፤ ይገባዋል። እኔ የማብራሪያ ደብዳቤ ጽፌ እንድቀርብ፤ በማስተማሩ መቀጠሌ ከዚያ በኋላ ይታያል። ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጀመርሁት። እያንዳንዱ ረቂቅ ላይ ትንሽ ትንሽ እያማርሁ እሄዳለሁ፤ ቀደድኋቸው።

ለሊድያና ለዘይዳም ይቅርታ ብዬ ጻፍሁላቸው። ዘይዳ "እሺ" አለችኝ። ሊድያ አልመለሰችም።

ነሐሴ 25

ዛሬ ሱቁ ውስጥ ዋልሁ። ለአዲስ ዓመት የሚሰፉ ቀሚሶች ተከምረዋል። ሥራዬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነው፤ አንዳንዴ ይሳካልኛል። አባባ ስለ አዳራሹ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ይቅር ብያለሁም አላሉ። እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከገጠር መጡ። ካባቸውን ለመረከብ ነው። በትራቸውን ተደግፈው ካዩኝ በኋላ "ይሄ ማነው መሪጌታ? ሠራተኛ ቀጠርህ?" አሉ።

አባባ መኪናዋን አቆሙ። ግን አልመለሱም። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ የመናገሩን ተራ ለእኔ ትተው ጠበቁኝ። የያዝሁት ክር ከእጄ አመለጠ። ይህን ያህል ሰው አስተምሬ፣ ይህን ያህል መድረክ መርቼ።

"ልጃቸው ነኝ" አልሁ።

አባባ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ራሳቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉኝ፦

"ጮክ በል እንጂ፤ ቄሱ ጆሯቸው ይከብዳል።"

"ልጃቸው ነኝ!" ብዬ ጮኽሁ። በመንገዱ የሚያልፉት ሁሉ ዞረው አዩኝ።